ይሉኝታና እርከን

በአገራችን ይሉኝታ መጥፎ ስም ከወጣለት ቆይቷል። እውነቱን እንዳንናገር አፋችንን ይይዘናል፥ የማንችለውን ድግስ ያስደግሰናል፥ ሳይኖረን ያለን ያስመስለናል እየተባለ በየክፍሉም በየስብሰባውም ይወቀሳል። ወቀሳው ሐሰት ነው አይባልም። ዳሩ ግን የአንድን ነገር ጉዳቱን ብቻ አይቶ ጉልበቱን አለማየት ለመምህር አይበጅም። ሌሊት የዕድር ጡሩምባ ሲነፋ ብርዱን ችሎ ድንኳን ለመትከል የሚወጣውን ሰው፥ የጎረቤቱን ጤፍ በወንፈል የሚያጭደውን ገበሬ፥ በበዓል ቀን በሬዎቹን ፈትቶ የሚውለውን አባወራ የሚያንቀሳቅሳቸው ደመወዝ ወይም ፖሊስ አይደለም። እምነት አለበት፥ ልማድ አለበት፤ ከሁለቱ ጋር ተገምዶ ደግሞ «ሰው ምን ይለኛል?» የሚል ጥያቄ አለበት።

ስለ በዓል ቀን ካነሣን አንድ ነገር ልጨምር። በጎጃም ደጋ በረዶ ወርዶ ሰብል ሲመታ «ደግሞ በበዓል የሠራው ማነው?» ይባላል። የአንዱ ጥፋት የመንደሩን ሁሉ ሰማይ ያበላሻል ማለት ነው። የጂኦግራፊ መምህሮቻችን ይህን ሲሰሙ ፈገግ ይሉ ይሆናል። ግን ልብ በሉ! «አየሩ የጋራ ነው፤ አንዱ የሚሠራው ለሌላው ይተርፋል» የሚለው፥ ዛሬ በየዓለም አቀፉ ጉባኤ የሚሰበከው ሐሳብ፥ በእኛ ገጠር ድሮውንም ነበረ። የተለየው የምክንያቱ ማብራሪያ ብቻ ነው።

እንግዲህ የዛሬው ጽሑፍ ዓላማ ይኸው ነው፦ የአየር ንብረት ለውጥን ለመቋቋም በሚደረገው ሥራ ውስጥ የጎረቤት ዐይንና የጎረቤት አፍ ምን ድርሻ እንዳላቸው፥ ይህንንም አንድ ሠልጣኝ በአቅሙ እንዴት ሊያጠናው እንደሚችል መግለጽ።

በመጀመሪያ ቃሉን እንፍታው። ሰዎች በጋራ የሚያደርጉት ነገር ሁሉ ማኅበራዊ ደንብ አይደለም። ክረምት ሲገባ የደጋ ሰው ሁሉ ገሳ ይለብሳል ወይም ጥላ ይይዛል። ይህን የሚያደርገው ዝናቡን ፈርቶ እንጂ ጎረቤቱን ፈርቶ አይደለም፤ ሌላው ሰው ሁሉ ጥላውን ቢጥል እርሱ አይጥልም። ለቅሶ ቤት የሚሄድ ሰው ግን የነጠላውን ጥለት ወደ ላይ አድርጎ ያደገድጋል። ለምን? ሌላው ሁሉ እንዲያ ስለሚያደርግ፥ ደግሞም እንዲያ ማድረግ ይገባል ተብሎ ስለሚጠበቅ። አገሩ ሁሉ ቢተወው እርሱም ይተወዋል። በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት ጣሊያናዊቷ ፈላስፋ ክርስቲና ቢኪየሪ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት መጽሐፍ ልዩነቱን በዚህ መንገድ ነው ያስቀመጡት። ደንብ ደንብ የሚሆነው ሰውየው ሁለት ነገር ሲያምን ነው ይላሉ፤ አንደኛ፥ አብዛኛው ሰው ያደርገዋል ብሎ ሲያምን፥ ሁለተኛ፥ አብዛኛው ሰው እኔም እንዳደርገው ይጠብቅብኛል ብሎ ሲያምን። «እንደ አገሩ ይኖሩ፥ እንደ ወንዙ ይሻገሩ» የሚለው ብሂላችን የመጀመሪያውን ይይዛል። ሁለተኛውን የሚይዘው «ነውር» የምትለው ቃል ናት።

ሁለቱን ለያይቶ መያዝ ለምን ያስፈልጋል የሚል ቢኖር በውጭ አገር የተደረጉ ጥቂት ሙከራዎችን እንመልከት።

በአሜሪካ አገር ጎልድስቲን፥ ቻልዲኒና ግሪስከቪሽየስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ያሳተሙት ጥናት በሆቴል ፎጣ ላይ የተደረገ ነው። እንግዳው ፎጣውን በየቀኑ ከማሳጠብ ደግሞ ቢጠቀምበት ውሃና ኃይል ይቆጠባል። በአንዳንዱ ክፍል «አካባቢን ለመጠበቅ ይርዱን» የሚል ካርድ ተቀመጠ፤ ከ100 እንግዳ 35 ያህሉ እሺ አሉ። በሌላው ክፍል «አብዛኞቹ እንግዶቻችን ፎጣቸውን ደግመው ይጠቀማሉ» የሚል ካርድ ተቀመጠ፤ እሺ ያሉት 44 ያህል ሆኑ። በሌላ ዙር ደግሞ «በዚሁ ክፍል ያረፉት አብዛኞቹ እንግዶች» ቢባል ወደ 49 ወጡ። በዚያ ክፍል ያረፈውን ሰው እንግዳው አያውቀውም፥ አይቶትም አያውቅም። ሆኖም በቦታ ስለቀረበው ብቻ ተከተለው። ከአዲስ አበባ ከሚመጣ ምሳሌ ይልቅ የጎጡ ምሳሌ ለምን እንደሚበልጥ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ሁለተኛው ሙከራ ለእኛ ከሁሉ ይበልጥ ጠቃሚ ይመስለኛል። በአሪዞና ግዛት ግንዱ ከብዙ ሚሊዮን ዓመት በፊት ወደ ድንጋይ የተለወጠ ጥንታዊ ደን አለ። ጎብኚዎች ስብርባሪውን በኪሳቸው እየከተቱ ስላስቸገሩ፥ ቻልዲኒና ባልደረቦቻቸው ሁለት ዓይነት ማስጠንቀቂያ ሠርተው በየመንገዱ አቆሙ። አንደኛው «እባክዎ ግንዱን አይውሰዱ» የሚል ነበረ። ሁለተኛው ግን «ከዚህ በፊት የመጡ ብዙ ጎብኚዎች ግንዱን እየወሰዱ ደኑን አበላሽተውታል» የሚል መንፈስ ነበረው። ምልክት የተደረገባቸው ስብርባሪዎች በመንገዱ ላይ ተበትነው ስንቱ እንደተወሰደ ተቆጠረ። በመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ሥር ከ100 ውስጥ 2 እንኳ አልሞላም፤ በሁለተኛው ሥር ወደ 8 ደረሰ። ሊያስፈራ የተጻፈው ጽሑፍ «ለካ ሁሉም ይወስዳል! እኔስ ምን አጠፋሁ?» አሰኘ እንጂ አላስፈራም።

ታዲያ እስቲ በየትምህርት ቤቱ ግድግዳ የለጠፍናቸውን እንያቸው። «ደናችን በሰው እጅ እያለቀ ነው!» «ኅብረተሰቡ ዛፍ እየቆረጠ ለማገዶ ያውላል!» «ማንም ለችግኝ ደንታ የለውም!» የጻፈው ሰው ልቡ ተነክቶ ነው የጻፈው። አንባቢው ልጅ ግን የሚያነበው «መቁረጥ የሁሉም ሥራ ነው» የሚል ነው። ይህን የምጽፈው ለማንኳሰስ ሳይሆን፥ በሚቀጥለው የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ስብሰባ መፈክር የሚያወጣ ሠልጣኝ ሁለቴ እንዲያስብ ነው።

ሦስተኛውን በአጭሩ ልለፈው። እ.ኤ.አ. በ2007 ሹልትዝና ባልደረቦቹ ሳን ማርኮስ በምትባል የካሊፎርኒያ ከተማ 290 ቤተሰቦች የኤሌክትሪክ ፍጆታቸው ከሰፈሩ አማካይ ጋር እየተነጻጸረ እንዲነገራቸው አደረጉ። ከአማካዩ በላይ የነበሩት ቀነሱ። ጉዱ ያለው ከአማካዩ በታች የነበሩት ላይ ነው፤ እነርሱ ጨመሩ! «እኛ ብቻ ነን እንዴ የምንቆጥበው?» ብለው ይሆናል። ከቁጥሩ አጠገብ የፈገግታ ሥዕል ሲደረግላቸው ግን ባሉበት ቆዩ። ስለዚህ የብዙኃኑን አማካይ መንገር ብቻውን ጎበዙን ወደ ኋላ ይጎትታል፤ «ያንተ መልካም ነው» የሚል ቃል አብሮ መሄድ አለበት። ይህን ፈተና መልሶ የሚያውቅ መምህር ሁሉ ያውቀዋል።

ገና ጥቂቶች ብቻ የሚያደርጉት ነገር ሲሆንስ? «አብዛኛው ሰው ያደርጋል» ብሎ መዋሸት አይቻል! ስፓርክማንና ዋልተን እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ጥናት በአንድ ዩኒቨርሲቲ ምግብ ቤት ለተሰለፉ ሰዎች ሥጋ ስለሚቀንሱ ሰዎች የሚናገር ጽሑፍ አስነበቡ። «ጥቂቶች ይቀንሳሉ» ያነበቡት ከ100 ውስጥ 17 ሥጋ የሌለበት ምሳ አዘዙ፤ «ጥቂቶች መቀነስ ጀምረዋል፥ ቁጥራቸውም እየጨመረ ነው» የሚል ያነበቡት 34 ሆኑ። ረቡዕና ዓርብ ለሚጾም አገር ነገሩ ትንሽ ያስቃል፤ እኛ ዘንድ ጠቅላላው አገር በአንድ ቀን ሥጋ ሲተው የሚያስገርመው የለም። ቢሆንም ፍሬ ነገሩ ሥጋው ሳይሆን «እየጨመረ ነው» የምትለው ቃል ናት።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ።

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። በስተሰሜኗ የጮቄ ተራራ አለ፤ ከእርሱም ሙጋ፥ ጨሞጋና ሌሎችም ብዙ ወንዞች ተነሥተው ወደ ዓባይ ይወርዳሉ። በዓለም ላይ ለሚለቀቀው የተቃጠለ አየር የጎጃም ገበሬ ድርሻ ከኢምንት የሚቆጠር ነው፤ ይህ መታወቅ አለበት። ለእርሱ የአየር ንብረት ሥራ ማለት በአብዛኛው መቋቋም ነው፦ አፈሩ በጎርፍ እንዳይሄድ እርከን መሥራት፥ የፈሰሰውን ውሃ ማስረግ፥ ተዳፋቱን በዛፍና በሣር መሸፈን፥ ኩበቱን ከማንደድ ይልቅ ወደ ማሳ መመለስ፥ ምርጥ ምድጃ በመጠቀም ማገዶ መቆጠብ። ከእነዚህ ውስጥ ብቻውን ሊሠራው የሚችለው በጣም ጥቂት ነው።

ፈሰስን እንውሰድ። የጎጃም ገበሬ በክረምት ማሳው እንዳይታጠብ ወይም እንዳይጠግብ በማረሻ ሰያፍ ቦይ ያወጣል፤ ይህም ፈሰስ ይባላል። ውሃው ግን የሆነ ቦታ መውረድ አለበት፤ የላይኛው ሰው ፈሰስ የታችኛው ሰው ቦረቦር ይሆናል። በክረምት ከሚነሡት የድንበር ጠቦች ስንቶቹ ከፈሰስ እንደሚነሡ ከገጠር የመጣ ሠልጣኝ ይነግራችኋል። እርከንም እንደዚሁ ነው። በላይኛው ማሳ ያለ እርከን ከተናደ የተጠራቀመው ውሃ በአንድ ጊዜ ስለሚለቀቅ የታችኛውን እርከን ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ የእርከን ጉዳይ ከመጀመሪያውም የጎረቤት ጉዳይ ነው።

በዚሁ በእኛ አካባቢ የተሠራ አንድ ጥናት አለ፤ ሠልጣኝ ሁሉ ቢያውቀው ደስ ይለኛል። ወልደአምላክ በውቀትና ጌርት ስቴርክ በጨሞጋ ተፋሰስ የሚኖሩ ገበሬዎች በአፈርና ውሃ ጥበቃ ሥራ ስላላቸው ተሳትፎ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2002 አሳተሙ። ያገኙት ምን ነበር? አብዛኛው ገበሬ ለሥራው የወጣው ሳይወድ ነው። ለምን ቢባል «የአፈር መሸርሸር ምን እንደሆነ ስለማያውቅ» አልነበረም፤ ያውቃል። የጉልበት ማነስና የመሬት ዋስትና ጉዳይም ዋነኞቹ ሆነው አልተገኙም። ዋናው ምክንያት የሚሠራው እርከን አይጠቅምም ብሎ ማመኑ ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። አንድ ሰው ከሩቅ ሆኖ በጥር ወር ሸንተረሩን ቢያይ መቶና ሁለት መቶ ሰው አካፋና ዶማ ይዞ ሲሠራ ያያል። «እነሆ ማኅበራዊ ደንብ!» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ነገር ግን በቢኪየሪ መመዘኛ ከሄድን ደንብ አይደለም። ሰዎቹ የወጡት ጎረቤታቸው ስለሚጠብቅባቸው ሳይሆን ስማቸው በመዝገብ ስለሚጠራ ከሆነ፥ መዝገቡ የተዘጋ ቀን ሥራውም ይዘጋል። ይባስ ብሎም ሁሉም ሳይወድ መውጣቱን ሁሉም ካወቀ፥ እርከኑን በክረምት የሚያፈርሰውን ሰው የሚወቅሰው አይኖርም፤ እንዲያውም «ጎበዝ! መሬቱን አስመለሰ» ሊባል ይችላል። በአማራ ክልል ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ በየዓመቱ በበጋ በብዙ ሕዝብ የሚካሄደውን የተፋሰስ ሥራ የሚመዝን ሰውም መቁጠር ያለበት ስንት ሰው እንደወጣ ብቻ ሳይሆን፥ ሐምሌ ላይ እርከኑ ሲናድ ማንም ሳይጠራው ድንጋዩን የሚመልስ ስንት እንዳለ ጭምር ነው።

እነዚያው የጨሞጋ አካባቢ ገበሬዎች ዛፍ አይወዱም እንዳይባል ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ወልደአምላክ ከአየር የተነሡ ፎቶግራፎችንና የሳተላይት ምስልን አነጻጽረው ባሳተሙት ጥናት፥ 36,400 ሄክታር በሚሆነው ተፋሰስ ውስጥ በዛፍ የተሸፈነው መሬት እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከ 1998 ድረስ በዓመት በአማካይ 11 ሄክታር ያህል ሲጨምር ቆይቷል። የጨመረው በአብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው። ማንም በዘመቻ ሳያስወጣው! ጎረቤቱ ባሕር ዛፍ ሸጦ ቆርቆሮ ሲያለብስ አይቶ ነው። በአዊ ደግሞ በፋግታ ለኮማ ወረዳ ዲከረንስ የሚባለው ግራር ለከሰል እየተባለ የተዛመተው በዚሁ መንገድ ነው፤ አንዱ ከጤፍ ጋር ዘርቶ፥ በአራትና በአምስት ዓመት ቆርጦ ሲሸጥ ሌላው አየ። ሁሉም አንድ ዓይነት ዛፍ በመትከሉ በኋላ የዛፍ ዝገት የሚባለው በሽታ ሲገባ ጉዳቱም የሁሉም ሆነ። ጎረቤትን መከተል መንገዱ ጥሩ ይሁን መጥፎ አይመርጥም፤ ይህም ሊዘነጋ አይገባም።

ከደምበጫ ወደ ፈረስ ቤት በሚወስደው መንገድ የሚገኘው አንጀኒ ሌላ ትምህርት ይሰጣል። በዚያ እ.ኤ.አ. በ1984 የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ተቋቋመ፤ ተፋሰሱ 113 ሄክታር ያህል ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ፋንያ ጁ የሚባል እርከን ተሠራበት። ቃሉ የስዋሂሊ ሲሆን አፈሩ ከቦዩ ወደ ላይ መጣሉን ያመለክታል። ቦዩ ከታች፥ ክምሩ ከላይ ስለሚሆን ውሃው ይዞት የሚወርደው አፈር ከክምሩ ጀርባ እየተጠራቀመ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተዳፋቱ ደረጃ ደረጃ ያለው ጠፍጣፋ መሬት ይሆናል። ለእኛ ርዕስ የሚጠቅመው ነገር ለውጡ በዐይን መታየቱ ነው። በጨሞጋ «አይጠቅምም» ያለውን ሰው በስብከት ከማሳመን፥ የሚመስለው ገበሬ ያረሰውን ደልዳላ መሬት ማሳየት ይቀላል። ምርጥ ምድጃ በአንጻሩ ይህ ዕድል የለውም። ቤት ውስጥ፥ ከጓዳ ነው ያለው፤ ጎረቤት ካልገባች አታየውም። አንዷ እመቤት ማገዶዋ መቀነሱን ቡና ላይ ካላነሣች ምድጃው ለመንደሩ የለም ማለት ነው። በአንድ ሰፈር በርካታ ሴቶች ምድጃውን እየተጠቀሙ እያንዳንዳቸው «እኔ ብቻ ነኝ» ብለው ሊያስቡ ይችላሉ።

ይህ የመጨረሻው ነገር በዓለም ደረጃም ታይቷል። አንድሬ፥ ቦኔቫ፥ ቾፕራና ፋልክ የተባሉ ተመራማሪዎች በ125 አገሮች ወደ 130,000 የሚጠጋ ሰው ጠይቀው እ.ኤ.አ. በ2024 ውጤቱን አሳተሙ። ከ100 ሰው 69ኙ የአየር ንብረት ለውጥን ለመቋቋም በየወሩ ከገቢያቸው አንድ በመቶ ለመስጠት ፈቃደኛ ነን አሉ። «ከአገርህ ሰው ስንቱ ፈቃደኛ ይሆናል?» ሲባሉ ግን ግምታቸው በአማካይ 43 ብቻ ነበረ። ማለትም ሰው ጎረቤቱን ከእውነቱ አሳንሶ ይገምታል፥ በዚህም ምክንያት «እኔ ብቻዬን ሞኝ ልሁን?» ብሎ ይቀመጣል። በእርግጥ እሰጣለሁ ማለትና መስጠት አንድ አይደሉም፤ ሆኖም የግምቱ ስሕተት ራሱ ትልቅ ግኝት ነው።

ከሁሉ የከበደው የልቅ ግጦሽ ነገር ነው። ሰብል ከተነሣ በኋላ ማሳው ለሁሉም ከብት ክፍት መሆኑ የቆየ ደንብ ነው፤ ማሳውን የሚያጥር ሰው ንፉግ ይባላል። ይህ ደንብ ክፉ ሰዎች ያወጡት አይደለም፤ መሬት ያነሰው ሰው ከብቱን የሚያሳድርበት መተጋገዣ ነበረ። ነገር ግን በእርከን ላይ የተተከለውን ሣርና ችግኝ የሚበላው፥ ክምሩንም ረግጦ የሚያፈርሰው ይኸው ከብት ነው። አንድ ገበሬ ለብቻው ከብቱን አስሮ ቢቀልብ የእርሱ ድካም ከንቱ ነው፤ የጎረቤቱ በሬ ገብቶ ይበላበታል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ካልጀመረ አንዱም አይጀምርም። በዚህ ጊዜ ምክር ብቻ አይበቃም፤ ተሰብስቦ መማከር፥ መማማል፥ ቅጣቱን ራሱ ጎጡ መወሰን፥ ከብቱ ከተያዘበት ቀን ጀምሮ ደግሞ የሀብታሙም የድኻውም ከብት እኩል መያዙን ማሳየት ያስፈልጋል። የባለ ብዙ ከብቱ ሰውዬ በሬ አንድ ቀን ዝም ከተባለ ደንቡ በማግስቱ ይፈርሳል።

እንዲህ ያለ ስምምነት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በመንዝ የጓሳ ሣር ለብዙ ዘመን በቄሮ ሥርዓት ይጠበቅ ነበር፤ ዛሬ ቃሉ በሌላ ትርጉም ቢታወቅም። ሣሩ ለቤት ክዳንና ለገመድ እስኪደርስ ሦስትና አምስት ዓመት ይዘጋል፤ ከዚያ ተማክረው ይከፍቱታል፥ ያለጊዜው የገባ ይቀጣል። ሥርዓቱ የተመሠረተው በቆየው የርስት ይዞታ ላይ ስለነበረ በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲወጣ አብሮ ወደቀ። በሌላ መልክ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ እስኪደራጅ ድረስ አሠርት ዓመታት ወስዷል። ዛሬም ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚታይበት ነው።

የቤተ ክርስቲያን ደኖችን ማንም ስለሚያውቃቸው አልዘረዝርም። ከማናቸውም ኮረብታ ላይ ቆማችሁ ብታዩ በተራቆተው እርሻ መካከል ጥድና ወይራው ጥቅጥቅ ያለበት ክብ ሥፍራ ደብር ነው። ተመራማሪዎች ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. በ1938 ከአየር ያነሡትን ፎቶግራፍ ከቅርብ ጊዜው ምስል ጋር አነጻጽረው በደቡብ ጎንደር የብዙዎቹ ደኖች ስፋት እንዳልቀነሰ አረጋግጠዋል። ሆኖም በስፋት ባይቀንሱም በጫፋቸው ባሕር ዛፍ ገብቷል። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከካህናትና ከምዕመናን ጋር በደኖቹ ዙሪያ የድንጋይ ካብ ማስካብ የጀመሩት ከብት እንዳይገባ ነው። ካቡ ግን ሌላም ሥራ ይሠራል፤ «እስከዚህ ድረስ ነው» ብሎ ይናገራል። ወሰኑ የታወቀ ነገር ሲጣስ ይታያል፥ የታየ ነገር ደግሞ ይወራል።

ስለ ችግኝ ተከላም አንድ ቃል ልበል። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ፥ ሐምሌ 10 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ ከ560 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቋል። በማኅበራዊ ደንብ ዐይን ሲታይ ይህ ብርቱ ዘዴ ነው፦ ሁሉም በአንድ ቀን ይወጣል፥ ሁሉም ሁሉን ያያል። ግን የሚታየው መትከሉ ነው። በጥር ፀሐይ ውሃ ተሸክሞ ወደ ችግኙ የሚሄደውን ልጅ የሚያየው የለም፥ ካሜራም አይከተለውም። ስለዚህ መትከል ደንብ ሆኖ መንከባከብ ገና ደንብ ሳይሆን ሊቀር ይችላል። ለሠልጣኝ ጥናት ከዚህ የተሻለ ጉዳይ ያለ አይመስለኝም።

እንግዲህ እንዴት ይጠና? ከሠልጣኞቻችን መካከል ለድርጊት ምርምር ርዕስ ሲፈልጉ «ኅብረተሰቡ ስለ አየር ንብረት ለውጥ ያለው ግንዛቤ» ብለው የሚጀምሩ ብዙ ናቸው። የጨሞጋው ጥናት እንዳሳየን ግንዛቤ ብዙ ጊዜ አለ፤ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ደግሞም መጠይቁ ራሱ በይሉኝታ ይበላሻል። ወረቀትና እስክሪብቶ የያዘ ልጅ ሽማግሌውን «አያ፥ እርከን ይጠቅማል?» ብሎ ቢጠይቃቸው «አዬ ልጄ! እንዴታ አይጠቅምም!» ይሉታል። ምን ይበሉት? ከቀበሌ የተላከ ይሁን ከትምህርት ቤት አያውቁም፤ ቢያውቁም እንግዳን አያሳፍሩም። ልጁም ከ60 ሰው 58ቱ ይጠቅማል አሉ ብሎ ሠንጠረዥ ይሠራል። ይህ ሠንጠረዥ የለካው የጎጃምን ጨዋነት ነው።

ይልቅስ ስለ ራሳቸው ሳይሆን ስለ ሰፈራቸው ይጠየቁ። «አያ፥ በዚህ ጎጥ ካሉት ከ10 አባወራ ስንቱ ሳይጠራ በራሱ ጊዜ እርከኑን የሚጠግን ይመስልዎታል?» ቀጥሎ፦ «ከ10 ሰው ስንቱ እርከን ያፈረሰውን ሰው ነውር ሠራ ይላል?» ቀጥሎ፦ «ጎረቤትዎ ቢያፈርስ ፊት ለፊት የሚነግረው ማነው?» የመጀመሪያው ጥያቄ ሰው ምን ያደርጋል ብለው እንደሚያምኑ፥ ሁለተኛው ሰው ምን ይጠብቃል ብለው እንደሚያምኑ፥ ሦስተኛው ደንቡ ጥርስ እንዳለው ያሳያል። ከዚያ ደብተሩን አጥፎ ማሳው ላይ መሄድ ነው። ስንት እርከን ተጠግኗል? ስንቱ ተንዷል? በግምቱና በቆጠራው መካከል ያለው ርቀት የጥናቱ ልብ ነው። ሰዎቹ 3 ገምተው 6 ከተገኘ ያንን እውነተኛ ቁጥር መልሶ ለጎጡ መንገር ብቻውን ሥራ ነው። 8 ገምተው 2 ከተገኘ ግን ቁጥሩን በአደባባይ መለጠፍ የአሪዞናውን ማስጠንቀቂያ መድገም ይሆናል። ሴቶችንም ለብቻቸው መጠየቅ አይረሳ፤ ባል አጠገቡ ሆኖ የሚሰጥ መልስ የባል መልስ ነው።

ወደ ገጠር መውጣት የማይመቸው ሠልጣኝ ለልምምድ በተመደበበት ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ሊሠራው ይችላል። ችግኞቹን የሚንከባከቡ ተማሪዎችን አምስት አምስት አድርጎ በዕጣ ለሁለት ይከፍላቸዋል። በዕጣ ያልኩት በምክንያት ነው፤ አንዱን ክፍል ከሌላው ክፍል ጋር ማነጻጸር የመምህሩንና የውሃ ቧንቧውን ርቀት ማነጻጸር ይሆናል። ለአንደኛው ወገን በየሳምንቱ «ችግኝ መንከባከብ ለአካባቢያችን ይጠቅማል» ይባላል። ለሁለተኛው ወገን ባለፈው ሳምንት ውሃ ያጠጡት ስንት እንደነበሩ እውነተኛው ቁጥር ይነገራል፤ ቁጥሩ ትንሽ ከሆነና ከጨመረ መጨመሩ ይነገራል፥ ካልጨመረም አይዋሽም። ያጠጡት ይመሰገናሉ፤ ያላጠጡት ስማቸው አይለጠፍም። በ40 ልጆች የተሠራ ነገር አገር አይወክልም፥ ለአንድ ትምህርት ቤት ግን ይበቃል። ልዩነት ባይገኝም ልዩነት አልተገኘም ብሎ መጻፍ ነው፤ መምህራኑም ለዚህ ማርክ መቀነስ የለባቸውም።

ቆጠራውን በተመለከተ ቀኑ ወሳኝ ነው። ሐምሌ የተተከለ ችግኝ እስከ ኅዳር ድረስ መሬቱ ባቆረው እርጥበት ይኖራል፤ ማንም ባይነካው አረንጓዴ ነው። በዚያን ጊዜ የተቆጠረ ቁጥር የክረምቱን እንጂ የልጆቹን ሥራ አይነግርም። መጀመሪያ በኅዳር መጨረሻ፥ ቀጥሎ በየካቲት፥ በመጨረሻም የበልጉ ካፊያ ሳያሳስት በፊት፥ እያንዳንዱ ችግኝ ቁጥር በተጻፈበት እንጨት ተለይቶ፥ የቆጠራው ሠራተኛም የትኛው የየትኛው ወገን እንደሆነ ሳይነገረው ይቆጠር። እንጨቱን ከጥድ ቅርንጫፍ መቁረጥ አያስፈልግም፤ የተሰበረ ወንበር በየመጋዘኑ ሞልቷል።